ሐሙስ የታየችው ወፍ

«አላመንኩሽም አላልኩም» አሉ አጎትየው፣ እርሳሱን ከጆሯቸው ላይ አውርደው። «አየሁ ማለት አንድ ነገር ነው፤ ያዩትን ማስረዳት ሌላ ነው።»

«ጋሼ ደግሞ! ፎቶ አለኝ እኮ።»

«ፎቶውን ኋላ እናየዋለን። መጀመሪያ አንቺን ልጠይቅ።»

ቦታው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ከዋሽንግተን ዲሲ ጋር ድንበር የምትጋራው፣ የአማርኛ ታፔላ ማየት ብርቅ ያልሆነባት ከተማ። ቀኑ ቅዳሜ፣ ጊዜው የዲሴምበር አጋማሽ። ጠረጴዛው ላይ የጾም ሽሮ እየቀዘቀዘ ነው፤ አጠገቡ የወፍ መቁጠሪያ ቅጽ ተዘርግቷል። አጎትየው አገር ቤት ሳሉ ባዮሎጂ ያስተምሩ ነበር። እዚህ ጡረታ ከወጡ ወዲህ የፈረንጅ ገና በመጣ ቁጥር በሚደረገው የወፍ ቆጠራ ይሳተፋሉ፤ ዘንድሮ የአንድ ሰፈር አስተባባሪ ናቸውና የሌሎቹን ቆጣሪዎች ወረቀት የሚሰበስቡትም እሳቸው ናቸው። የእህታቸው ልጅ ነርስ ናት። በተከራየችበት ቤት ጓሮ የስኳር ውሃ የሚሞላበት የወፍ መመገቢያ ተሰቅሏል፤ የቤቱ ባለቤት ብርድ ከገባ በኋላም መሙላቷን አልተወችም። ሐሙስ ጠዋት ልጅቷ ከሌሊት ፈረቃ ተመልሳ ሻይ ስታፈላ፣ አንዲት ሃሚንግበርድ መመገቢያው ላይ ስትጠጣ አየች። ያን ጊዜውኑ ለአጎቷ ደወለች።

በድሮው ሙግት ተከራካሪዎች ቆመው «ተጠየቅ!» «ልጠየቅ!» ይባባሉ ነበር። ብርቅ ወፍ አየሁ የሚል ሰው የሚቆምበት ችሎትም ከዚያ ብዙ አይርቅም።

«ስንት ሰዓት ነበር?»

«ሁለት ሰዓት ተኩል አልፎ። ጠዋት።»

«ፀሐይዋ በየት በኩል?»

«ከኋላዬ። ብርሃኑ እሷ ላይ ነበር የሚያርፈው።»

«ከመስኮቱ እስከ መመገቢያው ምን ያህል ይርቃል?»

«አራት ሜትር ቢሆን ነው። መስኮቱን ግን አልከፈትኩትም፤ እንዳትበር ፈርቼ።»

«በመስታወት ውስጥ አየሁ በይ።» ጻፉ። «ስንት ጊዜ መጣች?»

«ሦስቴ። መጨረሻ ላይ ደህና ቆየች፣ አንድ ደቂቃ ይሆናል።»

«ባይኖኩላር?»

«የለኝም። በዓይኔና በስልኬ ነው።»

«ከዚያ በኋላ የወፍ መጽሐፍ ከፍተሻል? ኢንተርኔት ላይስ ፈልገሻል?»

«ኧረ አልፈለግኩም። እርስዎ ጋ ነው የደወልኩት።»

«ደግ አደረግሽ። ሥዕሉን ቀድሞ ያየ ሰው፣ ያላየውን ላባ ሁሉ አየሁ ይላል። ሲዋሽ አይደለም፤ ልቡ እየሞላለት ነው።»

ልጅቷ ሽሮውን ወደ ራሷ ሳብ አደረገች። «እንዲያው ቆጠራ ነው የምትሠሩት ወይስ ክስ? ሃሚንግበርድ መሆኗን ማን ይክዳል? በጋውን ሙሉ እዚያው መመገቢያ ላይ ስናያቸው ከረምን!»

«በጋ ያየሻቸው እነዚያ ጉሮሯቸው ቀይ የሆነው ናቸው» አሉ። «በምሥራቁ አሜሪካ የምትራባው ሃሚንግበርድ እሷ ብቻ ናት። ሴፕቴምበር ሲያልቅ ነቅላ ትሄዳለች፤ ወደ ሜክሲኮና ወደ መካከለኛው አሜሪካ። ከኖቬምበር ወዲህ እዚህ የምትታይ ሃሚንግበርድ አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ናት። ስለዚህ ሃሚንግበርድ መሆኗን አልጠየቅኩሽም። የትኛዋ ናት ነው ጥያቄው።»

«የመጣችበት ጊዜ ነው እንዴ እንግዳ የሚያደርጋት?»

«መልኳን ንገሪኝና እንደርስበታለን።»

ዓይኗን ጨፈን አድርጋ አስታወሰች። ጀርባዋ አረንጓዴ ነው፤ ደረቷ ነጣ ያለ ነው፤ ጎንና ጎኗ ግን ዳማ፣ እንደዚያ ያለ ዳማ በበጋዎቹ ላይ አይታ አታውቅም። ጉሮሮዋ ላይ ነጠብጣብ አለ። ስትበር የምታሰማት ድምፅ ትንሽ «ትክ፣ ትክ» የምትል ናት። አጎትየው እያንዳንዱን በራሷ ቃል ጻፉ፤ «ደረቷ ነጣ ያለ» ስትል «ነጭ» ብለው አላረሙላትም።

ከዚያ ስልኳ ወጣ። ፎቶው ደብዘዝ ብሏል፤ የመስኮቱ ነጸብራቅ በግራ በኩል የልጅቷን የሥራ ልብስ ያሳያል። ወፏ ከመመገቢያው ልትነሳ ስትል ነው የተያዘችው፤ ክንፎቿ አይታዩም፣ ጭጋግ ብቻ ናቸው። ጅራቷ ግን ተከፍቷል። አጎትየው በሁለት ጣታቸው አጎሉት። የዳር ላባዎቹ ከሥራቸው ዳማ ናቸው፤ ከዚያ ጥቁር ቀበቶ አለ፤ ጫፋቸው ላይ ነጭ። ዳማው ከወገቧ ይጀምርና ሳይቋረጥ ወደ ጅራቱ ይገባል። አጎትየው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት፤ ለትንሽ ጊዜም ምንም አልተናገሩም።

«ጉሮሮ ቀዩዋ ሴት ብትሆን» አሉ በመጨረሻ፣ «ጥቁሩና ነጩ ይኖራት ነበር፤ ከሥሩ ያለው ዳማ ግን ከየት ይመጣል? አይመጣም። ይቺ ሩፈስ ናት፤ ወይም የሩፈስ እህት።»

ሩፈስ ሃሚንግበርድ የምዕራቡ አሜሪካ ወፍ ናት። ከኦሪገን ግድም እስከ አላስካ ድረስ ትራባለች፤ የትኛውም ሃሚንግበርድ ጎጆ ከሚሠራበት ሁሉ ወደ ሰሜን የራቀው የእሷ ነው። ክብደቷ ከ3 እስከ 4 ግራም ቢሆን ነው። ብርዱን ወደ ሜክሲኮ ወርዳ ታሳልፋለች ተብሎ ይታወቃል፤ መንገዷም በምዕራቡ ተራራዎች በኩል ነው። ሆኖም በየዓመቱ ጥቂቶቹ ወደ ምሥራቅ ይወጣሉ፤ ከሉዊዚያናና ከፍሎሪዳ አንሥቶ እስከ ኒው ኢንግላንድ ድረስ በየሰዉ ጓሮ ይገኛሉ።

«ታዲያ መንገድ ስታ ነው የመጣችው። ምስኪን» አለች ልጅቷ። «ሞታ ይሆናል እስካሁን።»

«ድሮ ሁሉም እንዳንቺ ነበር የሚለው። የጠፋች፣ ለሞት የቀረበች ወፍ። በኋላ ባለሙያዎች እየያዙ እግራቸው ላይ ቀለበት ማሰር ጀመሩ። ምን ተገኘ መሰለሽ? ያቺው ወፍ በሚቀጥለው ዓመት እዚያው ጓሮ፣ እዚያው መመገቢያ ላይ ተመልሳ መጣች። የጠፋ ሰው በየዓመቱ አንድ አድራሻ ላይ ይጠፋል?»

ሳቀች።

«በ2010 ጃንዋሪ ላይ ፍሎሪዳ፣ ታላሃሲ ውስጥ አንዲት ሩፈስ ቀለበት ታሰረላት። በዚያው ዓመት ጁን ላይ አላስካ ውስጥ ሌላ ባለሙያ ያዛት፤ ቁጥሩን ሲያነብ ያቺው ናት። በቀጥታ መስመር እንኳ ከ5,600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በ3 ግራም ሥጋ!»

«ሌሊቱንስ እንዴት ነው የምታድረው? እኔ በጃኬት እየተንቀጠቀጥኩ ነው የገባሁት።»

«ሰውነቷን ሆን ብላ ታቀዘቅዛለች። የልብ ምቷ ይወርዳል፣ ሙቀቷ ይወርዳል፤ ሲነጋ ቀስ ብላ ትሞቃለች። ቀን ደግሞ ስኳሩ ብቻ አይደለም የሚያኖራት፤ ደቃቅ ነፍሳትና ሸረሪት ትለቅማለች። ለባለቤቲቱ ንገሪያት፤ መመገቢያውን ስላላወረድኩ ነው ከመንገዷ ያስቀረኋት ብላ እንዳታዝን። የሚያስነሳቸው የቀኑ ማጠር ነው እንጂ የስኳሩ ማለቅ አይደለም። አንድ እጅ ስኳር፣ አራት እጅ ውሃ፤ ቀለም የሚባል ነገር እንዳትጨምርበት። ሲበርድ ሁለት መመገቢያ እያፈራረቀች ትስቀል፤ አንዱ ሲረጋ ሌላው ከቤት ይወጣል።»

ልጅቷ የልቧን አወጣች። «እውነቱን ልንገርዎትና ወፏን ሳይ አሜሪካን አላሰብኩም። አዲስ አበባ የእማማ ግቢ ውስጥ አበባው ላይ የሚመጡትን ነው ያስታወሰችኝ። ዘመድ ናቸው ብዬ ነበር።»

«ብዙ ሰው ያሳስታል» አሉ አጎትየው፤ መምህርነታቸው የተነሳባቸው ይመስላል። «አንድም ሃሚንግበርድ በአፍሪካ የለም፤ ሁሉም የሰሜንና የደቡብ አሜሪካ ናቸው። የእኛዎቹ ሌላ ቤተሰብ ናቸው። እንዲያውም በደጋው የምትታወቀው አንዷ፣ ወንዱ ሲያብረቀርቅ ወይን ጠጅ የሚመስለው፣ መካከለኛ ላባዎቹ ረዝመው የሚንጠለጠሉት፣ በሳይንሳዊ ስሟ ታካዜ ነው የምትባለው፤ ከተከዜ ወንዝ። የእኛዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ቅርንጫፍ ይዘው ነው የሚጠጡት፤ እነዚህ አየር ላይ ቆመው ነው። አንዱ ሥራ ሁለቱን አመሳሰላቸው እንጂ የሥጋ ዝምድና የላቸውም።»

እዚህ ላይ ቅጹ የሚለውን መናገር ይሻላል። ብርቅ ወፍ የዘገበ ሰው ምን እንዳየ ብቻ ሳይሆን፣ ለምን ሌላ ሊሆን እንደማይችል መጻፍ አለበት። ተመሳሳዮቹን አንድ በአንድ ያነሣል፤ አንድ በአንድ ይጥላል። ቅጹን የሚመረምሩት አዘጋጆች ወፏን አላዩም፤ ያዩት ወረቀት ነው። ስለዚህም ጎበዝ የወፍ ተመልካች እንኳ በቂ ማስረጃ ካልጻፈ ይመለስበታል፤ ጀማሪ ሆኖ በደንብ ያየና በደንብ የጻፈ ሰው ደግሞ ይታመንለታል። ከብዙ ሙያዎች ይልቅ ፍትሕ ያለበት አሠራር ነው።

«እሺ፣ ሩፈስ ብለው ይጻፉልኝ» አለች ልጅቷ።

«አልጽፍም።»

«ምን? አሁን እኮ ራስዎ…»

«ሩፈስ ወይም የሩፈስ እህት ነው ያልኩት። አለን የምትባል አለች፤ በካሊፎርኒያና በደቡብ ኦሪገን ባሕር ዳር የምትራባ። የሁለቱ ሴቶችና ጫጩቶች በዓይን አይለዩም። የጅራት ላባቸው በእጅ ተይዞ፣ በመለኪያ ተለክቶ ነው የሚታወቁት። ምሥራቁ ላይ የሩፈስ ዕድል እጅግ ይበልጣል፤ ግን ይበልጣል ማለት ናት ማለት አይደለም። ‹ሩፈስ ወይም አለን› ብዬ ነው የምጽፈው። ለእሱ ራሱን የቻለ መስመር አለው፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም።»

«የሚለካስ ማነው?»

«የመንግሥት ፈቃድ ያለው ሰው ብቻ ነው መያዝ የሚችለው። ፈቃዱን የሚሰጠውና የቀለበቶቹን መዝገብ የሚይዘው ቢሮ ደግሞ ሩቅ አይደለም፤ እዚሁ ሎረል ነው፣ ሜሪላንድ። ባለቤቲቱ ከፈቀደች አንድ ባለሙያ መጥቶ ለጥቂት ደቂቃ ይዟት፣ ለክቷት፣ ቀለበት አስሮላት ይለቃታል።»

ወፍ መቁጠር የተጀመረው ወፍ መግደልን ለመተካት ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን አሜሪካ በገና ቀን ወንዶች በሁለት ወገን ተከፍለው ጠመንጃ ይዘው ይወጡ ነበር፤ ላባ ያለውንም ጠጉር ያለውንም ያገኙትን ሁሉ ይጥላሉ፤ ማታ ብዙ የከመረው ወገን ያሸንፋል። ኒው ዮርክ በሚገኘው የአሜሪካ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ይሠራ የነበረው ፍራንክ ቻፕማን በ1900 በሚያዘጋጀው መጽሔት ላይ ሌላ ሐሳብ አቀረበ፦ ዘንድሮ አትግደሉ፣ ቁጠሩ። (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዓመት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።) በዚያው ገና 27 ሰዎች በ25 ቦታዎች ወጡ፤ ከካናዳዋ ቶሮንቶ እስከ ካሊፎርኒያ። ወደ 90 የሚጠጉ የወፍ ዓይነቶች መዘገቡ። ቻፕማን ለመቁጠር አዲስ አልነበረም። በ1886 በማንሃተን ጎዳናዎች እየተንሸራሸረ የሴቶችን ባርኔጣ ቆጥሮ ነበር፤ ከ700 ባርኔጣ 542ቱ በላባ ያጌጡ ነበሩ፤ ከተሰኩት ላባዎችና ከተሰፉት ሙሉ ወፎች እሱ 40 ዓይነት ለየ። የባርኔጣ ወፍ እንኳ ቆሞ አይጠብቅም፤ ባለቤቲቱ ትራመዳለች።

ዛሬ ቆጠራው የኦዱቦን ማኅበር የሚመራው ነው፤ ከ2,000 በላይ ክቦች አሉት፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ፈቃደኞች ይወጣሉ። እያንዳንዱ ክብ ዳር እስከ ዳር 24 ኪሎ ሜትር ነው። ከዲሴምበር 14 እስከ ጃንዋሪ 5 ባለው ጊዜ ውስጥ ክቡ አንድ ቀን ይመርጣል፤ በዚያች አንድ ቀን የታየውና የተሰማው ወፍ ሁሉ ይቆጠራል። የገና ቆጠራ ይባል እንጂ የእኛ ገና ሲደርስ ሁለት ቀን ቀድሞ አልቆ ይጠብቃል።

«አንድ ቀን?» ልጅቷ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «የእኔዋ እኮ ሐሙስ ናት!»

«እሱን ነው ልነግርሽ የፈራሁት። ቀናችን ዛሬ ነው። ዛሬ ከታየች ትቆጠራለች። ካልታየች ደግሞ ከቆጠራው ቀን ሦስት ቀን በፊትና ሦስት ቀን በኋላ የታየ ወፍ ‹የቆጠራ ሳምንት› ተብሎ ስሙ ይገባል፤ ቁጥር ግን አይሰጠውም።»

«ከማንም በላይ ለፍቼ ላገኘኋት ወፍ?»

«ሻይ ስታፈዪ ነው ያገኘሻት።»

ይህን ሲሉ አልሳቁም፤ እሷ ግን ሳቀች። ጥያቄዋ ወዲያው ተለወጠ። ወሬው ከወጣ ሰው ይጎርፋል ወይ? ባለቤቲቱ ብቻዋን የምትኖር አሮጊት ናት፤ አጥሯ ላይ ካሜራ የደቀነ ሕዝብ ቢሰለፍ ትደነግጣለች።

የልጅቷ ስጋት ያለ ምክንያት አይደለም። በ2021 መግቢያ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙም በማይርቀው በግሬት ፎልስ፣ በፖቶማክ ወንዝ ዳር ባለው ብሔራዊ ፓርክ አንድ ወንድ ፔይንትድ በንቲንግ ተገኘ፤ ራሱ ሰማያዊ፣ ሆዱ ቀይ፣ ጀርባው አረንጓዴ፣ የደቡብ ግዛቶች ወፍ። በወረርሽኙ ዘመን ቤት ታሽጎ የከረመ ሰው ሁሉ ወጣ፤ ቀጭኗ መንገድ በባለ ካሜራ ተሞላች። ያው በ2021 ማለቂያ ላይ የሩሲያ ምሥራቅ ጫፍና የጃፓን ንስር የሆነው የስቴለር ንስር ማሳቹሴትስ፣ ቀጥሎም ሜይን ደረሰ። ክንፉ ሲዘረጋ ከሁለት ሜትር ያልፋል፤ በመላው ዓለም ያሉት ጥቂት ሺህ ናቸው። እሱን ለማየት ሰዎች ከሩቅ ግዛቶች በመኪና ሌሊት ሲነዱ አደሩ።

«ዲሲም በረዷማ ጉጉት መጥታ ነበር አሉ» አለች ልጅቷ። «ሆስፒታል ውስጥ የሚሠሩ ልጆች ሲያወሩ ሰምቻለሁ።»

«ሁለት ናቸው። በ2022 ጃንዋሪ የመጣችው ዩኒየን ስቴሽን ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ሐውልቱ ላይ ስትቀመጥ፣ ማታ አይጥ ስታድን ስንት ሰው አያት። የ2014ቷ ግን ታሪኳ ያሳዝናል። በዚያ ዓመት ከአርክቲክ የወረዱት ብዙ ነበሩ። እሷ መሀል ከተማ ገባችና አውቶቡስ ገጫት። አከሟት። ላባዋ ስለተጎዳ ሚኒሶታ ወስደው የሌላ ወፍ ላባ ተክለውላት ፀደይ ላይ ለቀቋት።»

«ዳነች ማለት ነው።»

«ከወራት በኋላ መንገድ ዳር ሞታ ተገኘች። መኪና ነው የገጫት ተባለ።»

ሁለቱም ትንሽ ዝም አሉ። አጎትየው ወደ ቅጹ ተመለሱ። አድራሻው ለክቡ አስተባባሪ እንጂ ለሕዝብ አይወጣም አሉ፤ ባለቤቲቱ ካልፈቀደች «ሲልቨር ስፕሪንግ፣ የግል ጓሮ» ተብሎ ያልፋል።

«አገር ቤት የሩቅ ወፍ እንደዚህ አያስደንቅም ነበር» አሉ። «ጥር ላይ ተማሪዎቼን ሐይቅ ዳር አቆማቸዋለሁ። በመላው አፍሪካ የውሃ ወፍ በአንድ ሰሞን የሚቆጠርበት ወር ነው፤ ከ1991 ወዲህ። እዚያ ብዙኃኑ ራሱ እንግዳ ነው፤ ዳክዬው፣ ረጃጅም እግሩ፣ ከአውሮፓና ከሳይቤሪያ ብርድ ሸሽቶ በሺህ በሺህ ነው የሚወርደው። ከሳይቤሪያ መጣ ብለሽ ብታወሪ ማንም ቀና ብሎ አያይሽም።»

«ታዲያ እዚያ ብርቅ የሚባለው ምኑ ነው?»

«የበርጋዋ። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በርጋ የሚባል ረግረግ አለ። እዚያ ክንፏ ላይ ነጭ ያለባት፣ ሳር ውስጥ ተሸሽጋ የምትኖር ደቃቃ ወፍ በክረምት ትራባለች። በዓለም የቀሩት ከ250 አይበልጡም ተብሎ ይገመታል። እስከ 2018 ድረስ መራቢያዋ የታወቀው በኢትዮጵያ ብቻ ነበር፤ ያኔ ደቡብ አፍሪካም ስትራባ ተገኘች። የበርጋዋ ከጠፋች ጠፋች ነው። ሩፈስ ግን ሚሊዮኖች ናቸው፤ እዚህ ብርቅ የሆነችው ቦታው ስላልሆነ ነው። ሁለቱንም ብርቅ እንላቸዋለን፤ ነገራቸው ግን ለየቅል ነው።»

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ልጅቷ ያልተዘጋጀችበት ነበር።

«ዛሬስ? ዛሬ ምን አየሽ?»

«ከነጋ ጀምሮ መስኮቱ ላይ ነበርኩ። አልመጣችም።»

«ስለ እሷ አይደለም። ሌላ።»

«ሌላማ… እነዚያ ግራጫዎቹ መሬት ላይ የሚለቅሙት፣ ቀዩ ካርዲናል፣ ድንቢጥ ነገር…»

«ስንት ስንት?»

መልስ የለም። አጎትየው እርሳሱን አስቀመጡ። ተቆጥተዋል ለማለት አያስደፍርም፤ ድምፃቸው ግን ሻካራ ሆነ።

«ግራጫዎቹ ጁንኮ ይባላሉ። ጀርባቸው አመድ፣ ሆዳቸው ነጭ፤ ሲነሡ የጅራታቸው ዳር ነጭ ብልጭ ይላል። ከሰሜን ነው የሚመጡት፣ በብርዱ ወራት ብቻ ነው የምናገኛቸው። በ2019 ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት አለ፤ ከ1970 ወዲህ ሰሜን አሜሪካ ከሦስት ቢሊዮን ትንሽ የሚያንሱ ወፎች አጥታለች ይላል። ከአራት አንድ በላይ። ይህ ቆጠራ ከመረጃዎቹ አንዱ ነበር። ከጠፉት ውስጥ ከ150 ሚሊዮን በላይ የሚሆኑት እነዚያ ግራጫዎች ናቸው። ስንት አየሽ ስልሽ ታዲያ…»

«ብዙ ናቸው ብዬ እኮ ነው ያልቆጠርኩት!»

«ሁሉም እንደዚያ ይላል።»

በ125 ዓመት ውስጥ ከተከማቹት ወረቀቶች የሚበልጠው ክፍል የሚናገረው ስለ ሩፈስና ስለ ስቴለር ንስር አይደለም። ኦዱቦን በ2009 የ40 ዓመት ቁጥር አሰባስቦ 305 ዓይነት ወፎችን ሲመረምር፣ 60 በመቶ ያህሉ ብርዱን የሚያሳልፉበት ቦታ ወደ ሰሜን መሸሹን ያገኘው ከተራ ቁጥሮች ነው። ባለ ነጭ ራስ ንስር በተባይ ማጥፊያው በዲዲቲ ተመትቶ ሲመናመን፣ መድኃኒቱ በ1972 ከታገደ በኋላም ቀስ እያለ ሲያገግም፣ በየዓመቱ «ዜሮ»፣ «አንድ»፣ «ዜሮ»፣ «ሁለት» እያሉ የጻፉ ሰዎች ነበሩ። ብርቅ ወፍ ሰውን ከአልጋ ያስነሣል፤ ይህ ራሱ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን ለመስኮቱ ተራ ወፎች ስም የሌለው ሰው፣ እንግዳዋን ከምን ለይቶ እንግዳ እንደሚላት ለማስረዳት ይቸገራል፤ ልጅቷም የዳማውን ነገር የጠረጠረችው በጋውን ሙሉ ዳማ የሌለባቸውን ስታይ ስለከረመች ነው።

«አሁን ሰባት ሰዓት አልሞላም» አሉ አጎትየው። «ፀሐይ የምትጠልቀው አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል ነው። ተመለሽና ቁጠሪ። አንድ ነገር ልብ በይ፤ አንድ ወፍ አሥር ጊዜ ቢመላለስ አሥር አይደለም። ከእያንዳንዱ ዓይነት በአንድ ጊዜ አብረው ያየሻቸውን ትልቁን ቁጥር ነው የምትጽፊው።»

«ሦስቴ የመጣችውም ታዲያ አንድ ናት።»

«አንድ ናት። እሷም ሐሙስ።»

በአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ስልክ ደወለች። ሃሚንግበርዷ አልመጣችም። ጁንኮ 14፣ በአንድ ላይ። ካርዲናል ሁለት ወንድ፣ አንድ ሴት። አንዲት ግንደ ቆርቁር፣ ጀርባዋ ጥቁርና ነጭ፣ ትንሿ ይሁን ትልቋ መለየት ያቃታት።

«ምንቃሯ ከራሷ ጋር ሲተያይ አጭር ነው ረጅም?»

«አጭር መሰለኝ።»

«‹መሰለኝ› ከሆነ ዓይነቷ ያልተለየ ብዬ ነው የምጽፋት። ቀጥይ።»

«ድንቢጥ ዘጠኝ።»

«የትኛዋ ድንቢጥ?»

«ጋሼ! ስንት ዓይነት ነው ያለው?»

«ብዙ። ጉሮሮዋ ላይ ነጭ ያለባት ናት?»

ልጅቷ ያነሣቻቸውን ፎቶዎች ስታገላብጥ ትንሽ ጊዜ ወሰደ። ስድስቱ ጉሮሯቸው ነጭ ነው፣ ከዓይናቸው በላይ ቢጫ ነቁጥ አለባቸው። ሦስቱ ግን ሌላ ናቸው፤ ወንዱ ጉሮሮው ጥቁር ነው።

«ሦስቱ የቤት ድንቢጥ ናቸው፤ በ1850ዎቹ ከእንግሊዝ አምጥተው ብሩክሊን የለቀቋቸው ዘሮች። ለብቻቸው ጻፊያቸው። የሐሙሷን ፎቶ ደግሞ ሳትቆርጪ፣ እንዳለ፣ እስከ ነገ ማታ ላኪልኝ። ባለቤቲቱንም ስለ ቀለበቱ ጠይቂያት፤ እምቢ ካለች አታስጨንቂያት።»